ያልጠጣሁት ውሃ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን እዘረዝርና እዚህ ጋ ስደርስ ምላሴ ይተሳሰራል። ምን ብዬስ ልናገር? አልሰረቅኩ፣ አልተማታሁ፣ በሐሰት አልመሰከርኩ። ውሃ አልጠጣም አልኩ፣ በቃ። የሚሰማኝ ሰው «ታዲያ ምን አለበት?» ብሎ እንዳያጽናናኝ ስለምፈራ ዝም አልኩ። እናንተ ግን አታጽናኑኝ።

አሁን የማስተምረው ሚዛን ከተማ ነው። ያኔ ግን አዲስ ተመራቂ ነበርኩ፤ ከሸኮ ወጣ ብሎ ቡና መሃል ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ጥበብ መምህርት። ቀለም የለ፣ ብሩሽ የለ፤ ቅጠል እየጨመቅን በከሰል እየሞነጫጨርን ነበር የምንማረው። አንድ ቀን ከወንዙ ዳር ጭቃ አስመጣሁና ለእያንዳንዳቸው ኮባ ቅጠል ላይ አድርጌ «የፈለጋችሁትን ሥሩ» አልኳቸው።

ታደለች የምትባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበረችኝ። ዝምተኛ ናት፣ ስዕሏም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ያን ቀን በአጠገቧ ሳልፍ አንዲት ትንሽ ማሰሮ ከእጇ ስትወጣ አየሁ፤ ከንፈሯ የተስተካከለ፣ ዙሪያዋን በጥፍር ጫፍ ያጌጠች። ልጅቷ ቀና ብላ ስታየኝ ማሰሮዋን በመዳፏ ጨፈለቀቻት።

ለምን እንደጨፈለቀቻት አልገባኝም ልበል? ገብቶኛል። እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ሸክላ ሠሪ እንዴት እንደሚታይ፣ ከእሱ ጋር በአንድ ዕቃ እንደማይጠጣ ከእናቴ ጓዳ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ወላጆች የሚጋበዙበት የትምህርት ቤቱ በዓል ደርሶ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የምደረድረው ደህና ሥራ አልነበረኝም፤ እናም ሳሳሁ።

«ድገሚያት እስቲ፣ ታዱ» አልኳት። ደገመቻት። ክፍሉ በሙሉ ከበባት።

«ማን አስተማረሽ?»

ማሰሮዋን በኮባው ልትሸፍን ሞከረች። እኔ ግን መች ለቀቅኳት! «ንገሪን እንጂ፣ የኔ ጎበዝ! ማን ነው?»

«እማዬ» አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ቤተሰቧ ከቱም ከተማ በኩል የመጡ እንግዶች ናቸው። እናትየው ሸክላውን ትታ ቡና ለቀማ ገብታ ስለነበር ማንም አያውቅባቸውም ነበር፤ እኔ እስካስለፈለፍኳት ድረስ። ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ኮባዋን ይዛ ፈቀቅ አለች።

ታደለች ተነስታ እጇን ታጠበች። ጥግ ካለው ጀሪካን በክፍሉ ኩባያ ውሃ ቀዳች፤ ኩባያውን በቀኝ እጇ ይዛ፣ ክንዷን በግራዋ ደግፋ መጣች። «ቲቸር፣ ቅድም ጠማኝ ብለው ነበር።»

ልጆቹ ሁሉ አፌን አፌን ያያሉ። ብጠጣ እነሱም ይጠጡ ነበር፤ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ልጅቷ ይህን አውቃ ነው የመጣችው። እኔም አውቄ ነው ያልጠጣሁት።

«ተይው፣ አልጠማኝም» አልኳት።

ጠምቶኝ ነበር። ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ታዲያ ምን ያዘኝ? አከራዬ ብትሰማ ከቤቷ ዕቃ ታገልለኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። አንዲት ፍሬ ልጅ የሸጥኩት በዚህ ነው። ውሃውን በር ላይ ወጥታ ደፋችው። በማግስቱ ልጆቹ ሌላ ኩባያ አመጡ፤ ሳምንት ሳይሞላ ታደለች ቀረች። ቤቷ ሄጄ አልጠየቅኩም። ማሰሮዋን ግን ጸሐይ ላይ አድርቄ ለበዓሉ ደረደርኳት፣ ስም ሳልጽፍባት። እንግዶቹ «ጎበዝ መምህርት» ሲሉኝ ጥርሴን ገልጬ እጅ ነሳሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ጥየቃ ቴፒ ሄጄ ገበያ ወጣሁ። ከንፈሩ ላይ የጥፍር ጌጥ ያለበት የሸክላ ድስት አይቼ ቆምኩ። ሻጯ ብድግ አለች።

«ቲቸር! ደህና ነዎት? ታደለች ነኝ እኮ!»

ቂም ያለበት ፊት አይደለም፤ ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። ሒሳቡን ከፈልኩና ድስቱን ልቀበል ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን እጄን እያየች ድስቱን እግሬ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ሸሸት አለች። እጇ እጄን እንዳይነካ ነው።

«ከዚያ ያንሱት፣ ቲቸር» አለችኝ በትሕትና።

ስዕል አላስተማርኳት፣ ቀለም አላስተማርኳት። ይህን ግን አስተምሬያት ነበር፤ አልረሳችውም። «በእጅሽ ስጪኝ፣ ታዱ» ብል ምን ነበረበት? ይቅርታውስ ከእናንተ ሳይሆን ከእሷ የሚጠየቅ አልነበረም? እዚያው ፊቴ ቆማ ነበር እኮ። ግን ገበያተኛው ያየን ነበር። ጎንበስ ብዬ ድስቱን ከመሬት አነሳሁት።