ጥሩንባ ነፊውን የዘጋሁበት ብሎን

ሰው ክፉ የሚሠራው ሳያስበው ነው ይላሉ። እኔ አስቤበት ነው የሠራሁት። ብሎኗ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም፤ በካቻቢቴ ጫፍ ግማሽ ዙር አዞርኳትና የአንድ ሽማግሌ እንጀራ ተቋረጠ። ሲቋረጥም ቆሜ አየሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ሮቤ ውስጥ የእኛ ሰፈር እድር እስላም ክርስቲያኑን አንድ ላይ የያዘ ነው። ሰው ሲሞት የሚያስታውቁት ጥሩንባ ነፊው ነበሩ። ጎህ ሳይቀድ ይነሱና ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ጠቅልለው በየመንገዱ መገናኛ ይቆማሉ። ጥሩንባዋን ሁለት ጊዜ ይነፋሉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞሩ ይለፍፋሉ። ስሙን ወደ ምሥራቅ ጀምረው፣ ቀብሩን ወደ ምዕራብ ጨርሰው፣ እንደገና ከሌላው ወገን ይጀምራሉ። ሞት ለአንድ ወገን ብቻ አይነገርም ይሉ ነበር። ያ ድምፃቸው ብርዱን ሰንጥቆ እስከ ገብሱ ማሳ ድረስ ይሄዳል።

እኔ ደግሞ ድምፅ ማጉያ የምጠግንና ለሠርግ የማከራይ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ሻይ ቤት በር ላይ አምፕሊፋየር ተሸክሜ ሳልፍ ጥሩንባ ነፊው ጠሩኝ።

«አንተ፣ ድምፅ ከደረት ነው እንጂ ከሽቦ አይወጣም» አሉ። «ግን ምን ታደርግ፣ የአባትህ ልጅ ነህ። አባትህ ‹አቤት› ሲል አጠገቡ የተቀመጠ ሰው አይሰማውም።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ እዚያው ጥግ ላይ ብርጭቆውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ፣ ድምፁ ከወረቀት ኮሽታ የማይበልጥ ሰው ነው። እሱም አብሮ ሳቀ። ያንገበገበኝ የሽማግሌው ስድብ አልነበረም፣ የአባቴ ሳቅ ነው። ነገሩን በሆዴ ቋጥሬ ያዝኩት።

ብዙም ሳይቆይ እድሩ አምፕሊፋየር ገዛ። የእድሩ ዳኛ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ናቸው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እየቀላቀሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰውን የሚያስማሙ። አራት ድምፅ ማጉያዎች በአዳራሹ ጣሪያ ላይ ወደ አራቱ ማዕዘን ተሰቀሉ። የሰቀልኳቸው እኔ ነኝ። የቀረው ማይኩ ነበር፤ ማሽኑ ማይክ የሚሰካበት ካርድ ሳይኖረው ነው የመጣው፣ ጀርባው ላይ ባዶ ጉድጓዶች ብቻ ነበሩት። ካርዱን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ።

ኮሚቴው ተሰብስቦ ወሰነ። ሽማግሌው በማይኩ መናገር ከቻሉ ሥራው እንደ ድሮው የእሳቸው ነው። ካልቻሉ የእድሩ ጸሐፊ ያነባል፣ እሳቸው ይሰናበታሉ። ሌላ ገቢ እንደሌላቸው ሁላችንም እናውቃለን።

ሥራዬን እንደ ባለሙያ ሠራሁ፣ በዚያ አልታማም። ማሽኑን ከመብራት ነቀልኩ። ጉድጓዱን የሸፈነችውን ቆርቆሮ ፈትቼ፣ ካርዱን በሐዲዱ ላይ ቀጥ አድርጌ ጠቅ እስኪል ገፋሁት። በሁለት ብሎን አጠበቅሁት። ማይኩ ከካርዱ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ዓይነት ስለነበር የዚያን ማብሪያ አጠፋሁ። ከዚያ ጸሐፊውን አስጮኼ፣ ቀይ መብራቷ ብልጭ እስክትል ድምፁን ከፍ፣ ትንሽ መለስ አደረግሁት። ጥርት ያለ ነበር።

ከዚያ ያቺን ብሎን አገኘኋት። ካርዱ ውስጥ አንዲት በር አለች በሉ። ማይኩ ደህና ድምፅ ሲሰማ በሯ ትከፈታለች፣ ማሽኑ ፊት ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ድምፁ ደከም ሲል ትዘጋለች፤ የወንበር ኮሽታና የሰው ሹክሹክታ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ነው። በሯ በምን ያህል ድምፅ እንደምትከፈት የምትወስነው ከማሽኑ ጀርባ ያለችው ብሎኗ ናት። እኔ አጠበቅኋት። አፉን ማይኩ ላይ ደቅኖ የሚናገር ያልፋል። ፊቱን ዞር ያደረገ ግን አለቀለት። ጥሩንባ ነፊው ደግሞ ሳይዞሩ መናገር አያውቁም።

አንድ ቃል ብነግራቸው ይበቃ ነበር፤ «አይዙሩ ጋሼ፣ ጣሪያው ላይ ያሉት ይዞሩልዎታል»።

የሙከራው ቀን እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። የታጠበ ጋቢ ለብሰው መጡ። ሐጂ «ማሎ፣ እባክዎ ጋሼ፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ ቀን ይንገሩልን» አሏቸው።

«የስብሰባ አነጋገር አላውቅም፤ እኔ የማውቀው ሞት ነው» አሉ ሽማግሌው። ትንሽ አሰቡ። «በቁሙ ያለ ሰው ስም ደግሞ አልጠራም፣ ሟርት ነው። የራሴን ልጥራ።»

ኮሚቴው ሳቀ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እንዴት አድርጌ ልናገር?»

«እንደለመዱት ጋሼ። ምንም የሚለወጥ ነገር የለም» አልኳቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ስማቸውን ከነአባታቸው ማይኩ ላይ ጠሩት፤ ጣሪያው አስተጋባው። ከዚያ ዞሩ። አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። «ለሙከራ ነው» ያሉትን በሯ ዋጠችው። ዞረው ሲመለሱ «ስላረፉ» የሚለው ወጣ። እንደገና ዝም። ከዚያ «እድርተኛ ሁሉ ውጣ!»

ውጭ የተሰማው ይኼ ብቻ ነው፤ ስማቸው፣ ስላረፉ፣ ውጣ።

ሚስታቸው ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ አንድ እግሯ ጫማ የሌለው ሆና፣ እየጮኸች አዳራሹ ውስጥ ገባች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰማችውን ድምፅ በሽቦ አልፎ ሲመጣ አልለየችውም። ባሏን ማይኩ ፊት ቆሞ ስታየው ደረቱን በቡጢ ትመታው ጀመር። ከኋላዋ ጎረቤቶች እየሮጡ ደረሱ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ብዙው ተቆጣ። ሐጂ «ያ ረቢ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። «ንፋሱ ይሆናል» አሉ። «ንፋሱ ቆርጦት ነው።»

ሁሉም እኔን አየ። ባለሙያው እኔ ነኝ።

«ዛሬ ንፋስ የለም ጋሼ» አልኩ።

እውነትም ነበር፤ የበሩ ባሕር ዛፍ ቅጠሉ አይነቃነቅም። ኮሚቴው በዚያው ሳምንት አሰናበታቸው፤ ጥሩንባዋንም የእድሩ ንብረት ናት ብሎ አስፈርሞ ወሰደባቸው። ከዚያ በኋላ ጀርባቸውን ለአዳራሹ ሰጥተው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ ግን ጎባ ለሥራ ስሄድ ታሪኩን ሻይ ቤት እያወራሁ፣ አዟዟራቸውን እየተነሳሁ አሳይ ነበር። ሰው እስኪያነባ ይስቅ ነበር። ብሎኗን መመለስ ትዝም አላለኝ። ጸሐፊው አፉን ማይኩ ላይ ለጥፎ ስለሚያነብ ምንም ችግር አልነበረም።

ባለፈው ክረምት አባቴ አረፈ። ታሞ ብዙ አልቆየም፤ እንደ ኑሮው ድምፁን ሳያሰማ ሄደ። ጸሐፊው ለዘመድ ሠርግ ገሰራ ሄዶ ነበር። ሐጂ የአዳራሹን ቁልፍ አምጥተው «አብሽር ልጄ፣ ማሽኑን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አንተው ንገርላቸው» አሉኝ።

ማይኩ ፊት ቆሜ የአባቴን ሞት መናገር አልፈለግሁም። ሊነጋጋ ሲል ጥሩንባ ነፊው ቤት ሄድኩ። ራሳቸው ከፈቱ።

«ጋሼ፣ አባዬ አረፈ።»

«ነፍሱን ይማር» አሉ።

«እባክዎ ይዙሩልኝ።»

«ጥሩንባዋን ወስደዋታል። ማሽንህ አለ አይደል?» አሉና በሩን ዘጉት። በኃይል አልዘጉትም። ቀስ አድርገው፣ መወርወሪያው ሲገባ እየሰማሁት ነው የዘጉት።

አዳራሹን ከፍቼ ማሽኑን አበራሁ። የአባቴን ስም ጠራሁ። ከአፌ የወጣው የአባቴ ድምፅ ነበር፤ ያ ወረቀት የሚያክል። አረንጓዴዋ መብራት አልበራችም። ያን ጊዜ ብሎኗ ትዝ አለችኝ። ካቻቢቴዬ ቤት ነው። የማሽኑ ጀርባ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ የእሱ ቁልፍ ከጸሐፊው ጋር ገሰራ ነው። ጮክ ብዬ ልጥራው ብዬ አፌን ስከፍት ለቅሶዬ ቀደመኝ። መብራቷ ቦግ አለች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስሙ ቀርቶ ለቅሶው አለፈ። ሰፈሩ የሰማው ማን እንደሆነ የማይታወቅ ወንድ ጣሪያ ላይ ሲያለቅስ ነው። ማሽኑ ተበላሽቷል ብለው ተመልሰው ተኙ።

ቀብሩ ላይ ሬሳውን እየተቀባበለ የሚሸከም ሰው አልበቃም። የእድሩን መዝገብ ዓመታት ሙሉ በነፃ የጻፈውን ሰው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ አሳረፍነው። አባዬን እንደ እንጨት መንገድ ዳር አስቀመጥኩት። ይኼን እስክሞት አልረሳውም።

ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሐጂ ጠበቁኝ። እጄን ይዘው «ሰዉ ምነው እንዲህ አነሰ? ምን ሆኖ ነው ያልተሰማው?» አሉ።

እውነቱን ልናገር እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር።

«ንፋሱ ነው ሐጂ» አልኩ። «ንፋሱ ቆርጦት ነው።»

ጥሩንባ ነፊው ከኋላችን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው ኖሯል። ስለ ቀብሩ ማን እንደነገራቸው አልጠየቅሁም፤ ራሴ ነኝ የነገርኳቸው።

«ዛሬ ንፋስ የለም፣ ልጄ» አሉ።

ቀስ ብለው ነው የተናገሩት። የቆመው ሰው ሁሉ ሰማ።