ጨረቃን ለዞሩት ሽማግሌ ያቀረብኩት ጥያቄ

እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አሌክሳንድሪያ በሚባል ከተማ ውስጥ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ጥያቄዬ ተቀይሮብኛል። ይሄ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ፤ የሚጽፍልኝ ስለሌለ ራሴ እየጻፍኩት ነው። እኔ የጠየቅሁት፣ "በሩ ሲዘጋብዎት ፈርተው ነበር ወይ? ፍርሃቱስ መቼ ለቀቀዎት?" ብዬ ነው። ለሽማግሌው ጆሮ የደረሰው ግን፣ "አያቴ ስለ ጀግንነትዎ ታመሰግንዎታለች" የሚል ነው። ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሱኝ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

ጥያቄዬን የቀየረችው ባዳ አይደለችም፤ የልጅ ልጄ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን ነው የምንኖረው። እናቷ ሥራ ስትውል እኔ ነኝ ያሳደግኋት። አሁን ትምህርቷን ጨርሳ ሄርንደን ሥራ ይዛለች፤ ሐኪም ቤት የምታደርሰኝ፣ ሐኪሞቹ የሚሉትን የምታስረዳኝ እሷ ናት። ለምስጋና ነው እንዴ የምትጣዪው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እሱን ለመረዳት ጥያቄው ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

በረዶው እንዳበቃ ግራ እጄ የያዘውን መልቀቅ ጀመረ። ብርጭቆ ይዤ ይወድቃል። ቁልፍ ይዤ ይወድቃል። ቀጥሎ ጭንቅላቴ ይዞር ጀመር፤ ቆሜ ሳለሁ ወለሉ ይሸሸኛል። ሐኪሟ ጭንቅላትዎ ውስጥ ያለውን ማየት አለብን ብላ ኤምአርአይ አዘዘችልኝ። ፎቶ ነው ስላሉኝ እንደ ደረት ራጅ ቆሜ የምነሳው መስሎኝ ነበር።

ጠባብ አልጋ ላይ አስተኙኝ። ጭንቅላቴን ግራና ቀኝ በትራስ አጣበቁት፤ ፊቴ ላይ ፍርግርግ ነገር ገጠሙበት። እጄ ላይ የጎማ ኳስ ሰጡኝና ከጨነቀዎት ይጭመቁት አሉኝ። ከዚያ አልጋው ተንቀሳቀሰ፤ ወደ ቱቦው አስገባኝ። ጣሪያው አፍንጫዬ ላይ ነው። ክንዴን ላንሳ ብል የሚነሳበት ቦታ የለም። የምታነሳኝ ባለሙያ ክፍሉን ለቅቃ ስትወጣና ያንን ከባድ በር ስትዘጋ ሰማሁ። የጨረሰኝ ያ ድምፅ ነው። ማሽኑ ገና ሥራውን ሳይጀምር ኳሱን ጨመቅሁት። እየጮህኩ አወጡኝ።

ሁለተኛ ጊዜ የሚያረጋጋ ክኒን አስዋጡኝ። ክኒኑ አፌን አደረቀው እንጂ ልቤ ጋ አልደረሰም። በሩ ተዘጋ፤ እንደገና ጨመቅሁ። በመድኃኒት ጭልጥ አድርገው ያስተኙኝ ብል ደግሞ የልብ ሐኪሜ አይሆንም አለ። ሐኪሟ ፊት ለፊት ነገረችኝ፤ "ሳናይ ማከም አንችልም። መቆየቱም ጥሩ አይደለም።" ሦስተኛ ቀጠሮ ተያዘልኝ።

እኔ ድሮ ፈሪ አልነበርኩም። ፎልስ ቸርች ከተማ ምግብ ቤት ሳህን ሳጥብ፣ የእረፍት ቀኔን ለዘመዱ የሰጠብኝን አለቃ ደንበኛ ፊት ተከራክሬ አስመልሻለሁ። ከዚያ ቱቦ ከወጣሁ ወዲህ ግን ሊፍት መግባት ተውኩ። አራት ፎቅ በእግሬ፣ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ፣ እያረፍኩ ነው የምወጣው። ገላዬን ስታጠብ በሩን ገርበብ አደርገዋለሁ። ከተኛሁ በኋላ ብርድ ልብሱ ፊቴን ከነካኝ ብድግ እላለሁ። የቀጠሮው ቀን በቀረበ ቁጥር ምግብ አልወርድልኝ አለ። የልጅ ልጄ ይሄን ሁሉ ታያለች። ገላዬን ስታጠብ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

በዚያ ሰሞን ነው፣ "እማማ፣ ጨረቃ የሄዱ ሽማግሌዎች አሌክሳንድሪያ መጥተው ሊያወሩ ነው፤ እንሂድ፣ ዘና ትያለሽ" ያለችኝ።

ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ ሲባል ልጅ ነበርኩ። በሰፈራችን ሬዲዮ ያለው ወፍጮ ቤቱ ነበር፤ እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይከራከራል። ገሚሱ ውሸት ነው ይላል፤ ገሚሱ የእግዚአብሔርን ጓዳ መድፈር ነው ይላል። እናቴ ዱቄቷን እየቋጠረች አንድ ነገር ብቻ አለች፤ "ምስኪን፣ እናቱ ምን ትል ይሆን።" እሱን አስታውሼ ነው እሺ ያልኩት።

መድረኩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ዘጠናን አልፈዋል ተባለ። አንደኛው ጨረቃን የረገጡ ናቸው። ሁለተኛው ደግሞ ጓደኞቻቸው ወርደው ሲረግጡ እሳቸው ብቻቸውን መንኮራኩሩ ውስጥ ቀርተው ጨረቃን ሲዞሩ የነበሩ ናቸው። ልጅቷ ጆሮዬ ላይ እያንሾካሾከች ታስረዳኛለች። የረገጡት ስለ አቧራው አወሩ፤ ልብሳቸው ላይ እየተጣበቀ እንዴት እንዳስቸገራቸው፣ መራመድ እንደ ሕፃን ልጅ እንዴት እንደጠፋባቸው። ሰው ይስቃል። የጥያቄ ሰዓት ሲደርስም የሚጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያኛው ሽማግሌ ውሃቸውን ይጎነጫሉ።

"እኚህንስ ለምንድነው የማይጠይቋቸው?" አልኳት።

"እማማ፣ ቀስ በይ።"

"መንኮራኩሩን የጠበቀው ማን ነው? እንደሳቸው ያለ ሰው ባይቀር እነዚያ በምን ይመለሱ ነበር? በእግራቸው?"

"ትክክል ነሽ። ግን ቀስ ብለሽ ተናገሪ፣ ፕሊስ።"

በመጨረሻ መድረኩን የምትመራው ሴት ለእሳቸውም ተራ ሰጠቻቸው። በጨረቃ ጀርባ ሲያልፉ ሬዲዮው ጭጭ ይላል አሉ። ከመሬት የሚሰማቸው የለም፤ እሳቸውም የሚሰሙት የለም። "ሰላማዊ ነበር" ብለው ፈገግ አሉ። ሰዉም ፈገግ አለ። እኔ ግን እጃቸውን አየሁት። የወንበሩን ክንድ ይዘው ጨመቅ ያደርጉታል፣ ይለቁታል፣ ጨመቅ ያደርጉታል። እኚህ ሰው እኔ የገባሁበት ቦታ ገብተው ያውቃሉ አልኩ በልቤ።

እጄን አወጣሁ። ማይክ አመጡልን። ጥያቄውን ለልጅቷ ቀስ አድርጌ ነገርኳት። ፊቷ ልውጥ አለ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ተናገረች። እንግሊዝኛዬ ጋዜጣ አያስነብብም፤ ግን በዚህ አገር ሥራ ላይ ነው ያረጀሁት። ምስጋና የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት የሚለውንም አውቀዋለሁ። አንደኛው ተሰማ፤ ሌላኛው አልተሰማም። ከዚያ ጭብጨባው መጣ።

ኮሪደር ላይ ያዝኳት።

"ምን አልሻቸው?"

"ያልሽኝን።"

"አላልሽም።"

"እማማ፣ ሰው እያየን ነው።"

"ይየን! ጥያቄዬን ከአፌ ነጥቀሽ ምስጋና አስታቅፈሽ አወጣሽኝ! ጨረቃ ስለዞሩ እኔ ምን አገባኝና ነው የማመሰግነው? የጨረቃ ዘመድ ነኝ?"

ይቺ ልጅ ሲጨንቃት አንቺ ማለቱን ትታ እርስዎ ትለኛለች። "እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?" አለች። "ፔትዎርዝ ለቅሶ ቤት፣ ረሱት?"

አልረሳሁትም። ትንሽ ልጅ ሳለች ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ላይ አፍጥጣ፣ "አባባ፣ መሞት ያስፈራዎታል?" አለቻቸው። ጭኗን ነበር የቆነጠጥኳት። ትልቅ ሰው ሰው ፊት ፈሩ ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ ማዋረድ ነው፣ አልኳት ስንወጣ።

"የቆነጠጡኝ ቦታ አሁንም ያመኛል" አለችኝ። "እንዴት ብዬ ነው ያን ሁሉ ሰው ፊት ለትልቅ ሰው እንዲህ የምለው?"

ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ አንድ ነገር ደብቃ ሌላ ነገር ስትናገር አውቃታለሁ።

"ሌላስ?" አልኳት።

ግድግዳውን ተደገፈች። ወደ አንቺዋ ተመለሰች። "አዎ፣ ፈርቻለሁ ቢሉስ? ጨረቃ የሄደ ሰው ፈራሁ ካለ አንቺ ቱቦው ውስጥ መቼም አትገቢም። ካልገባሽ ደግሞ ..." አልጨረሰችውም።

በቤታችን የምፈራው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የምትቆመው ለእኔ ብላ ነው ብዬ እንጂ እሷም ፈርታ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። አቀፍኳት። አቅፌያት ግን በጥያቄዬ ላይ ያለኝ ነገር አልተለወጠም፤ የሚከፋኝ መልስ ቢሆንም ለእኔ ብለው ሊያስቀሩብኝ አይገባም። ብፈራም ባልፈራም የማውቀው እኔ ነኝ።

"ተመልሰን እንጠይቃቸዋለን" አልኳት።

አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ይዘው ለተሰለፈው ሰው ፎቶአቸው ላይ እየፈረሙ ነው። የረገጡት ዘንድ ያለው ሰልፍ በሩን አልፎ ወጥቷል፤ የዞሩት ዘንድ ግን ከእኛ ፊት ጥቂት ሰው ነበር። መድረኩን የመራችው ሴት መጥታ አንድ ነገር ተናገረች።

"ጥያቄ አይቻልም፣ ፊርማ ብቻ ነው ትላለች" አለችኝ ልጅቷ።

"ፊርማቸውን ምን ላደርገው ነው? ቼክ መሰላት?"

ተራችን ሲደርስ ልጅቷ ሳትቀድመኝ በራሴ እንግሊዝኛ ጠየቅኋቸው። "ዶር ክሎዝ" አልኩ፣ በመዳፌ በር እየዘጋሁ። "ዩ፣ አፍሬድ?" በሩ ሲዘጋ ፈርተው ነበር ወይ ማለቴ ነው።

ብዕሩን አስቀመጡት። ሴትዮዋ ልታስቸኩለን ጠጋ ስትል እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። ወደ ልጅቷ ዞሩ፤ ይቺ ሴት ለምን ይሄን ትጠይቀኛለች ማለታቸው መሆኑ ገባኝ። ልጅቷ ስለ ቱቦው፣ ስለ እጄ፣ ስለ ቀጠሮው ነገረቻቸው። ከዚያ ማውራት ጀመሩ።

"ቃል በቃል" አልኳት። "አንዲት ነገር ብታስቀሪ መድኃኔዓለም ይታዘብሻል።"

መሬት ላይ የተዘጋው በር አላስፈራኝም አሉ፤ ያኔ ሦስት ነበርን፣ ሁላችንም ሥራ በዝቶብናል። ያስፈራኝ ሁለተኛው በር ነው። ሁለቱ ጓደኞቼ ወደሚወርዱበት መንኮራኩር ተሻግረው በመካከላችን ያለው በር ሲዘጋ፣ አዎ፣ ፈራሁ። አብረን እንደመጣን አብረን ባንመለስስ? እነሱን ትቼ ብቻዬን ብመለስስ? በሬዲዮ እንዳልናገረው ዓለም ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ አስቀድሜ ለጓደኞቼ፣ በሩ ሲዘጋ ከወዲያ በኩል አንኳኩልኝ ብያቸው ነበር። እነሱም አንኳኩልኝ። እኔም ከወዲህ አንኳኳሁ። ከዚያ ተለያየን።

"ለማን ነግረውታል?" አልኳቸው በልጅቷ በኩል።

"ሰው ብቸኝነት ተሰማህ ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ስለ በሩ ግን የጠየቀኝ የለም" አሉ።

ልንሄድ ስንል እጄን ይዘው፣ እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ አንድ ነገር ጨመሩ። ፍርሃቱስ መቼ ለቀቀዎት ላልኩት መልስ መሆኗን አወቅሁ፤ ልጅቷ ማይክ ይዛ ያስቀረችውን አሁን ነግራቸው ነበርና። ወደ እሷ ዞርኩ። ከንፈሯን ነክሳ፣ "ኋላ" አለችኝ። ሰልፉ ከኋላችን ገፋ። መኪና ውስጥ ደግሜ ልጠይቃት ብዬ፣ ድልድዩን ስንሻገር እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ስትነዳ አየሁና ተውኩት።

ለሦስተኛው ቀጠሮ፣ ሰው አብሮኝ ክፍሉ ውስጥ መቆየት ይችላል ወይ ብዬ አስጠየቅሁ። ብረት ካልያዘና የጆሮ መከላከያ ካደረገ ይችላል አሉን። ልጅቷ ጉትቻዋን፣ ሰዓቷን፣ ከማተቧ ላይ መስቀሏን ፈታ አስቀመጠች። በሩ ሲዘጋ የእግሬን መዳፍ በጣቷ ልታንኳኳልኝ፣ እኔም አውራ ጣቴን ላነቃንቅላት ተስማማን። ፎቶው ተነሳ፤ አሁን እየታከምኩ ነው። ልመዘግበው የፈለግሁት ግን ከመግባቴ በፊት የሆነውን ነው።

ፍርግርጉ ፊቴ ላይ ተገጥሟል። ኳሱ ቀኝ እጄ ውስጥ ነው። ከጣሪያው በቀር የሚታየኝ የለም፤ እሷ እግሬ ሥር መሆኗን የማውቀው ስለያዘችኝ ነው።

"ያስቀረሽውን አምጪ" አልኳት።

"አሁን? ስትወጪ እነግርሻለሁ።"

"አሁን። ግማሽ መልስ ይዤ አልገባም።"

ባለሙያዋ በሩን ይዛ እየጠበቀችን ነው። ልጅቷ እግሬን በሁለት እጇ ጠበቅ አደረገችው።

"መቼ ለቀቀዎት ላልሻቸው ነው" አለች። "'አልለቀቀኝም። ፈርቼ ገባሁ፣ ፈርቼ ሠራሁ፣ ፈርቼ ወጣሁ። ዛሬም ሊፍት ሲዘጋብኝ እስኪያንኳኩልኝ ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ' ነው ያሉሽ።"