ጋሽ ቅዳሜ የጨረሰው ቤት

ሰፈሩ "ጋሽ ቅዳሜ" ያለው በክፋት አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ የሥራ ቀኑን ለመንገድ፣ ቅዳሜን ለቤቱ ሰጥቶ የኖረ። ቅዳሜ ጠዋት የመዶሻው ድምፅ ካልተሰማ ጎረቤቱ "ሰውዬው ደህና አይደለም እንዴ?" ይባባል ነበር። ከማንም አይጣላም፣ መጠጥ አይቀምስም፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። አንድ አመል ግን አለበት፤ መጀመር እንጂ መጨረስ አልፈጠረበትም። "ይኼ ነገር መቼ ነው የሚያልቀው?" ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ "ቅዳሜ።" የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ቤቱን ገብቶ ያየ ሰው ምስክር አያሻውም። የኮሪደሩ ግድግዳ እስከ መታጠቢያ ቤቱ በር ድረስ ተለስኖ ያምራል፤ ከዚያ ወዲያ እጅ የሚልጥ ሻካራ ሲሚንቶ ነው። የኩሽናው በር ማጠፊያው ደርቆ፣ በተከፈተ ቁጥር ያለቅሳል። ከሥሩ ያለው ደፍ ያላግባብ ከፍ ብሎ ቀርቷል፤ ስንቱን እንግዳ አውራ ጣቱን መትቶ "ወይ እግሬን!" አሰኝቶታል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ሽማግሌው አለ። ሽማግሌው ውሻቸው ነው። አርጅቶ ጆሮው ደንቁሯል፤ ከኩሽናው በር አጠገብ ተጋድሞ ሲያንኮራፋ ይውላል። ለማንም ብሎ አይነሳም፤ ሰው ነው እሱን ዞሮ የሚያልፈው።

በዚህ ቤት ውስጥ ሚስቱ እንደ ልቧ ትመላለሳለች። እሷ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ መድከም ከጀመረ ሰንብቷል፤ መጀመሪያ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት መለየት አቃታት። ስትጠየቅ ግን "ጥላ ጥላ ይታየኛል" ትላለች። ጋሽ ቅዳሜም አመናት። ለምን አያምናት? ሻይዋን ራሷ ታፈላለች፣ ስኳሩን አትስትም። ሲመሽ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራለች፤ የክሩን ቀለም እሱ ይነግራታል፣ የቀረውን ጣቶቿ ያውቁታል። እንዲህ አድርጋ የምትኖር ሰው ምንም አይታያትም ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ነገሩ የተበላሸው ልጃቸው የመጣች ቀን ነው። ልጅቷ ነርስ ናት፤ ሌላ ከተማ ትኖራለች። መልኳ የእናቷ፣ ችኮነቷ የአባቷ ነው። ገና ከመድረሷ ሾርባ ይዛ ከኩሽና ስትወጣ ያ ደፍ አደናቀፋት፤ ሾርባው ግማሹ ወለሉ ላይ፣ ግማሹ ሽማግሌው ላይ ፈሰሰ። ሽማግሌው ያኔ እንኳ አልተነሳም፤ ጀርባውን መላስ ጀመረ።

"አባዬ፣ ይኼ ቤት እማዬን ይገድላታል" አለች ልጅቷ ልብሷን እያራገፈች።

"ምን ነካሽ? እሷ እኮ እንደ ልቧ ነው የምትሄድበት።"

"እስክትወድቅ ድረስ ነዋ! ለዓይን ምርመራ ይዣት እሄዳለሁ፤ ትንሽ እኔ ጋ ትቆያለች። መልሼ ሳመጣት ቤቱን እንዲህ ሆኖ ካገኘሁት ግን ይዣት ነው የምመለሰው። እቅጩን ልንገርህ ብዬ ነው።"

"ቅዳሜ..."

"ቅዳሜ የሚባል ነገር እንዳልሰማ!"

እናትየው ጥግ ላይ ክር እየጠቀለለች "ቤቴ ምን ሆነ? ተዉት" አለች። አባትና ልጅ ግን ተፋጠው ስለነበር የሰማት የለም።

ሚስቱ በሄደች ማግስት ጋሽ ቅዳሜ ሳሎኑ መሀል ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ። ቤቱ ጭር ብሏል። ከተጋቡ ጀምሮ እሷ የሌለችበት ቤት ውስጥ ውሎ አያውቅም፤ ሁለት ኩባያ ሻይ ቀድቶ አንዱን መልሶ ደፋው። "እዚያው ትቀርብኛለች" የሚለው ሐሳብ ልቡን ሰንጥቆ ገባ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው ያው ሰው ነው አይልም። ሰኞ የለ፣ ማክሰኞ የለ፣ ላብ በላብ ሆኖ ዋለ። የኮሪደሩን ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ለስኖ ቀለም ቀባው። የበሩን ማጠፊያ ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ከሾፌርነቱ ዘመን በተረፈው ግራሶ ለወሰው፤ በሩ በአንድ ጣት ሲገፉት እንደ ቅቤ ሆነ። ደፉን በመሮ ፈልፍሎ ጣለና ወለሉን በሲሚንቶ አስተካከለው፤ ከኮሪደሩ እስከ ኩሽናው ብርጭቆ ቢያንከባልሉ የማይሰናከል ሆነ። ለሽማግሌው ደግሞ ግቢው ውስጥ ጣሪያ ያለው የውሻ ቤት ሠራለትና ተሸክሞ አስገባው። ሽማግሌው ሁለት ቀን አኩርፎ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተኛ፤ በሦስተኛው ቀን ለመደ።

ጎረቤቱ በየተራ እየመጣ ጉድ አለ። "ጋሽ ቅዳሜ፣ እንግዲህ ስምህን ልንቀይርልህ ነው!" አሉት። ደረቱን ነፍቶ ሳቀ። በሕይወቱ እንደዚያ ሰሞን ኮርቶ አያውቅም።

ሐኪሞቹ ለሚስቱ ዓይን የሚደረግ ነገር የለም ብለው ነበር። ልጅቷ እናቷን ይዛ ስትመለስ ይህንን በሹክሹክታ ነገረችው፤ ቤቱን ስታይ ግን አፏን ይዛ ቀረች። "አባዬ፣ አንተ ነህ ይኼን የሠራኸው? እሺ፣ ትቆይ። ትንሽ ነገር ካየሁ ግን መጥቼ እወስዳታለሁ" ብላ ሄደች።

ያን ቀን ከሰዓት ጋሽ ቅዳሜ ሚስቱን እጇን ይዞ ቤቱን አስጎበኛት። "ንኪው እስቲ፣ እሜቴ! ይኼ ሁሉ ግድግዳ አንድ ዓይነት ነው። እስቲ በሩን ግፊው፤ ድምፅ አለው? አሁን ደግሞ ርገጪ፤ ደፍ አለ? የለም! ሽማግሌውንም ከመንገድሽ አንስቼልሻለሁ።" እሷ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ ወደ ፊት ሄዳ፣ መልሳ ወደ ኋላ ሄደች። "ለስልሷል" አለች በመጨረሻ። "ጎበዝ፣ ሾፌሬ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደስታ ነው ብሎ እሱም አብሯት አለቀሰ፤ ሞኝ!

ከዚያ በኋላ እሜቴ ከወንበሯ መነሳት ቀነሰች። ሻይ ማፍላቱን ለእሱ ተወችለት። ወደ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ ትከሻዋን ከመቃኑ ጋር ታጋጨዋለች፤ አንዳንዴም አልፋው ሄዳ የኮሪደሩን ጫፍ ስትዳብስ ያገኛታል። "እስክለምደው ነው" ትለዋለች። እሱ ዓይኗ የባሰበት መሰለው። የባሰበት ከመሰለው ደግሞ ያው እንደሚያውቀው ነው፤ ተጨማሪ መሥራት። አልፎ አልፎ የምትደገፍበትን አሮጌ ቁም ሣጥን ከኮሪደሩ አወጣው፤ መንገዱ ይስፋላት ብሎ።

አደጋው የደረሰው ፀሐይ በወጣ ደህና ጠዋት ነው። ጋሽ ቅዳሜ ለሁለታቸው ሻይ አፍልቶ፣ ማንቆርቆሪያውን ከኤሌክትሪክ ምድጃው አንስቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ግቢ ወጥቶ ነበር። ለሚስቱ መደገፊያ የሚሆን እንጨት እየላገ ነበር። ጩኸቷን ሲሰማ መላጊያውን ጥሎ ሮጠ። ምድጃው ሥር ተንበርክካለች። ገና ያልቀዘቀዘው ብረት የቀኝ መዳፏን ልጦታል።

ጤና ጣቢያ ሄደው፣ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ተመለሱ። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጣት። መጀመሪያ አፏን የከፈተችው እሷ ናት።

"በሩ አላለቀሰም" አለች።

"እ?"

"በሩን አልኩህ። ዱሮ ከፍተኸው ስትወጣ ሲያለቅስ እሰማው ነበር። ተዘግቷል ብዬ ልገፋው ክብደቴን ጣልኩበት፤ ለካ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስወድቅ የያዝኩት ምድጃውን ነው።"

ጋሽ ቅዳሜ የፋሻውን ጫፍ አስተካከለላት።

"ሽማግሌው ሲያንኮራፋ ስሰማ ኩሽና ደረስኩ እላለሁ። ደፉን በእግሬ ስነካው ምድጃው ፊት ለፊቴ ነው እላለሁ። ግድግዳው ሲሻክርብኝ መታጠቢያ ቤቱን አልፌዋለሁ ብዬ እመለሳለሁ። አሁን እኮ ሁሉም አንድ ሆነብኝ። የት እንደቆምኩ አላውቅም።"

"ጥላ ጥላ ይታየኛል አላልሽኝም?"

"ምንም አይታየኝም። ከቆየ። እንዳታዝን ብዬ ነው።"

"ታዲያ ቤቱን ሳሳይሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደስ ብሎህ ነበራ! እንደዚያ ደስ ብሎህ ሰምቼህ አላውቅም። በምን አፌ ልንገርህ?"

ዕድሜ ልኩን ሳይጨርስ የተዋቸው ነገሮች ሁሉ ሚስቱን እጇን ይዘው ሲመሯት ኖረዋል፤ እሱ ደግሞ ለእሷ ብሎ አንድ በአንድ አጠፋቸው። ንዴቱ በማን ላይ እንደሆነ እንኳ አላወቀም። በእሷ እንዳይናደድ እጇ ተቃጥሏል፤ በልጁ እንዳይናደድ ልጅቷ ለእናቷ ብላ ነው። የቀረው ራሱ ነው፤ እሱን ደግሞ እንደ ልቡ ረገመው።

በማግስቱ ማፍረስ ጀመረ። የበሩን ማጠፊያ ፈትቶ ግራሶውን በቤንዚን አጠበው፤ በሩን መልሶ ገጠመው፤ ገፋው፤ ዝም። ይዝግ ብሎ ውኃ አፈሰሰበት። በሦስተኛው ቀን ማጠፊያው "ጢቅ" አለ። ሮጦ ሚስቱን ጠራት። ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠችና "እሱ አይደለም" አለች። ሽማግሌውን ተሸክሞ ወደ ጥንቱ ቦታው መለሰው፤ ውሻው ግን ተነሥቶ እየተንገዳገደ ወደ አዲሱ ቤቱ ሄደ። በመለሰው ቁጥር ተነሥቶ ወጣ። ቢቸግረው መሮና መዶሻ ይዞ የኩሽናውን ወለል መፈልፈል ጀመረ፤ ደፉን መልሶ ሊሠራ።

ልጅቷ የደረሰችው ያኔ ነው፤ የእናቷን እጅ መቃጠል ጎረቤት ደውሎ ነግሯታል። በሩን ከፍታ ስትገባ ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆኗል፤ እናቷ ፋሻዋን ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አባቷ ነጭ ዱቄት መስሎ በጉልበቱ ተንበርክኮ ደህናውን ወለል ያደቀዋል።

"አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?"

"ደፉን... ደፉን እየመለስኩላት ነው።"

ልጅቷ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። አባቷ አእምሮውን የሳተ መስሏት አለቀሰች። ሊያስረዳት ሞከረ፤ ስለ በሩ ለቅሶ፣ ስለ ሻካራው ግድግዳ፣ ስለ ውሻው ማንኮራፋት ተናገረ፤ በተናገረ ቁጥር የባሰ እብድ መሰለ። መጨረሻ ላይ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ንገሪያት እንጂ፣ እሜቴ! እዚሁ እቆያለሁ በያት!"

"እውነቱን ነው፣ ልጄ፤ አላበደም" አለች እሜቴ ቀስ ብላ። ከዚያ ፊቱን እንደምታይ ሁሉ ወደ እሱ ዘወር አለች። "ግን ፈራሁ፣ ሾፌሬ። የገዛ ቤቴን ፈራሁት። ልሂድ።"

ጋሽ ቅዳሜ መዶሻውን አስቀመጠ። ዕቃዋን ራሱ ሸከፈላት። ክሮቿን አንድ በአንድ እጇ ላይ እያደረገ "ይኼ ቀይ ነው፣ ይኼ ግራጫ ነው" አላት። በግራ እጇ እየተቀበለች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከሄደች በኋላ በየቀኑ ትደውልለታለች። መጀመሪያ መጀመሪያ ድምጿ ይከብድ ነበር፤ እየቆየ ቀለለ። አንድ ቀን ሻይ ራሷ እንዳፈላች ነገረችው። የቧንቧው ውኃ ጠብ ሲል ኩሽናውን ታገኘዋለች፤ ምንጣፉ አንድ ቦታ ላይ ተቀዷል፤ መስኮቱ ስር አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አለ። የልጃቸው ባል ሚስማር ከብሎን የማይለይ ሰው ነው፤ የተበላሸውን እንደተበላሸ ይተወዋል። "እዚህ ማንም ምንም አይነካም" አለችው፤ ድምጿ ውስጥ እፎይታ ነበር። መዳፏም ድኗል፤ ሹራብ ጀምራለች።

"ጥሩ ነው" አለ ጋሽ ቅዳሜ። "መጥቼ ልይሽ እንዴ?"

"ና እንጂ! መሣሪያህን ግን እዚያው ተወው" አለችና ሳቀች።

እሱም ሳቀላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሻንጣውን አውጥቶ ልብሱን አጣጠፈ። ኮቱን ሊለብስ ሲል ኪሱን ዳበሰና፣ ከሾፌርነቱ ዘመን ጀምሮ ከኪሱ የማትለየውን ትንሽዬ ካቻቢቴ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት።