ቀስ ብሎ የሚከፈተው በር

እትዬ ገዲሴ ሁልጊዜ ሲመሽ፣ የግቢያቸውን የቆርቆሮ በር ከመቀርቀራቸው በፊት በትከሻቸው ትንሽ ከፍ አድርገው ቀስ ብለው ይስቡታል። ማጠፊያው ሲያቃስት ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ይሰሙና ይቀረቅሩታል። የለቡ ሰፈር ሁሉ የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን ሟች ባለቤታቸው፣ እሳቸው «አባ ቦና» የሚሏቸው፣ የተከሉት በር ነው። ልጃቸው ቦና ግን ያፍርበታል።

«እማዬ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ፎቅ ሠርቶ እኛ ይሄን ዝገት እስከ መቼ?»

«ምን አደረገህ? እህል አይበላብህ!»

ዳይሬክተሯ ጸደንያ ለወንጀል ፊልሟ ቤት ስታፈላልግ እዚህ ግቢ የመጣች ዕለት፣ ቤቱን ትታ በሩን ደጋግማ ስትከፍት ስትዘጋ ዋለች። ቦና አፍሮ በማግስቱ ግራሶ ቀባው፤ ለእንግዳ ክብር መሆኑ ነው። ልጅቷ ተመልሳ ስትከፍተው ድምፁ የለም። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እትዬ ገዲሴ ሳቃቸውን አፍነው፣ ግራሶውን በነጭ ጋዝ አጥበው ድምፁን መለሱላት። አባ ቦና አምሽተው ሲገቡ ልጆቹን እንዳይቀሰቅሱ በሩን እንዴት ይከፍቱት እንደነበርም ያን ጊዜ አሳዩዋት።

ፊልሙ ሲወጣ እናትና ልጅ ሲኒማ ቤት ገብተው አዩት። የገዳዩ ፊት አይታይም። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። አንዲት እናት ልብስ ታጥባለች፤ በሩ ቀስ ብሎ ያቃስታል፤ እጇ ውሃው ውስጥ ቀጥ ይላል። አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ።

ነገሩ እትዬ ገዲሴን ሲከነክናቸው ሰነበተና ጸደንያን አስጠሯት።

«ሰውየውን ሳታሳዪ በምን አስፈራሻቸው?»

«ሌላው ሰው ሁሉ በሩን እየገፋ ሲገባ ማየት አስለመድኳቸው፣ እማማ። ከዚያ አንዱ ብቻ ተጠንቅቆ ገባ።»

«የሚጠነቀቅ ሰው ያስፈራል እንዴ?»

«ለምን እንደሚጠነቀቅ ካላወቁ፣ አዎ።»

እትዬ ገዲሴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህቺ ልጅ፣ አሉ በልባቸው፣ ምኑንም ሳትነካ የእኔን በር ሌላ አደረገችው።

ቦና ከሲኒማው ወዲህ የአዲስ በር ነገር አንስቶ አያውቅም። ለምን ሲባሉ እናቱ «ዝነኛ ሆነ ነዋ!» ብለው ይስቃሉ። እውነተኛው ምክንያት ግን እንዳይጻፍ ለምነዋል። ያን ቀን፣ አዳራሹ ትንፋሹን በዋጠበት ሰዓት፣ ከልጃቸው አጠገብ የተቀመጡት እትዬ ገዲሴ ብቻ አልፈሩም። ነጠላቸውን ሰብስበው ብድግ አሉና፣

«አባ ቦና፣ መጣህ?» አሉ።