«ታዲያ ፍየሎቹ ዳኑ?»

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ላሊበላ

የሰቆጣው ሚኒባስ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጄሪካንና አንድ የቤት በር ተጭኗል። በሩ የማን እንደሆነ ጠየቅሁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም።

የምሄድበትን ጉዳይ ላስረዳ። ወልዲያ ውስጥ ውጭ አገር ሄደው መማር ለሚፈልጉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ንግግርና በሰው ፊት ቆሞ ማቅረብን አስተምራለሁ። ከእነሱ አንዷ ለምለም ናት፤ በሰቆጣ በኩል ያለችው የኒሯቅ ከተማ ልጅ፣ በእንስሳት ሕክምና ዘንድሮ የተመረቀች። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ካመለከቱት መካከል ለፈተና መርጧት፣ ነገ በኢንተርኔት ለፈታኞች የምርምር ሥራዋን ለአሥር ደቂቃ ታቀርባለች። ጽሑፉን አብረን ጻፍነው እላለሁ፤ እውነቱ ግን አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ጊዜ ያህል አስጠንቻታለሁ። ማክሰኞ ከሰቆጣ፣ ከምትፈተንበት ከአባቷ ወዳጅ ሱቅ ደውላ፣ «መምህር፣ የማቀርበውን ቀይሬዋለሁ» አለችኝ። «ምኑን?» ስል መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ጧት 2 ሰዓት፣ ብልባላ

ሻይና ትኩስ ብስኩት። ከዚህ ወዲያ መንገዱ አቧራ ነው። የድንጋይ እርከን፣ ቁልቋል፣ የደረቀ ወንዝ፣ ደግሞ የድንጋይ እርከን። ከኋላዬ የተቀመጡት በአገውኛ ይጫወታሉ። በመሃል «መምህር» የሚል ቃል ሰማሁና ዞርኩ፤ ሁሉም ፈገግ አሉ። ስለ እኔ ይሁን ስለ ሌላ ሰው አላወቅሁም።

«ለሥራ ነው ሰቆጣ?» አለኝ ሹፌሩ።

«ተማሪዬን ፍለጋ።»

«ጠፍታ ነው?»

«አልጠፋችም። ሐሳቧን ቀይራ ነው።»

መሪውን አዙሮ አንድ ኩርባ አለፈ። «ከሰርግ ነው ያፈገፈገችው?»

ላስረዳው ሞከርኩ። ፈተና መሆኑን፣ ፈታኞቹ ባሕር ማዶ መሆናቸውን፣ እሷ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሆና እንደምትፈተን ነገርኩት። እየተናገርኩ ነገሩ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

7 ሰዓት፣ ሰቆጣ

የሐጂ ሰይድን ሱቅ ለማግኘት ሁለት ሰው መጠየቅ በቃኝ። ሐጂ የለምለም አባት የቆየ ደንበኛ ናቸው፤ ሻይ ቅጠል፣ ሳሙና፣ ጨርቅ ይሸጣሉ። ኢንተርኔታቸው ስለሚሻል የጓዳውን ክፍል ሰጥተዋታል። ለምለም ከሳሙና ካርቶኖቹ መካከል ብድግ አለች።

«ደህና ገቡ መምህር? ስልኬ ወድቆ ተሰበረ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም።»

«ምኑን ነው የቀየርሽው?»

መልሱን የሰጡኝ ሐጂ ናቸው። ለምለም በየቀኑ እሳቸው ፊት ቆማ ትለማመድ ነበር። «እንግሊዝኛ አላውቅም» አሉ፤ «ፊቷን ግን አያለሁ። አንድ ቀን ስትጨርስ ስለ ምን እንደሆነ በአማርኛ ንገሪኝ አልኳት። ስለታመሙ ፍየሎች ነው አለች። ታዲያ ፍየሎቹ ዳኑ? ብዬ ጠየቅኋት።»

አልዳኑም ነበር።

ለምለም ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ለመመረቂያ ምርምሯ ኒሯቅ አጠገብ የአንድ ሽማግሌ ፍየሎች ሲያስሉ የሆድ ትል ነው ብላ አከመች። በሽታው የሳንባ ነበር። በዚያ ወር ብዙዎቹ አለቁ። የእኛ ጽሑፍ ይህን «የሕክምናው ውስንነት» በሚል አንድ መስመር አልፎታል። መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሃያ ጊዜ ስሰማት የተከታተልኩት የቃላቱን አነባበብ ነበር፤ ፍየሎቹ ምን ሆኑ ብዬ አልጠየቅኋትም።

«ነገ ስህተቴን ነው የማቀርበው» አለች።

«ሰው ለፈታኝ ውድቀቱን አያቀርብም፣ ለምለም። ሌሎቹ የሠሩትን ያሳያሉ።»

«የጻፍነው ጥሩ ነው። ግን ሳነበው ሌላ ሰው የሠራው ይመስለኛል። ሲጠይቁኝ የምደነግጠው ለዚያ ነው።»

ልከለክላት አፌን ከፈትኩ። ሐጂ ምሳ ቀርቧል አሉና የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን። ምን ልላት እንደነበር ሳስበው ትክክል መሆኔን እርግጠኛ አልነበርኩም። ተሳስቻለሁም ለማለት አልደፈርኩም።

ዓርብ፣ 9 ሰዓት

ሐጂ ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው ሱቃቸውን ዘጉ፤ ጫጫታ እንዳይገባ ነው። እኔ ካሜራው በማያየኝ ጥግ ካርቶን ላይ ተቀምጫለሁ። ጉልበቴ ላይ ይጠየቃሉ ብዬ ያዘጋጀኋቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አሉ።

ለምለም ወረቀት አልያዘችም። በእንግሊዝኛ «ፍየሎቹ» ብላ ግሡን በነጠላ አስከተለች። ትንሽ ቆይታ ያንኑ ስህተት ደገመችው። ጥፍሬን ነከስኩ። ድምፅዋ ግን ወልዲያ እንደማውቀው አልነበረም፤ እንደ ሰው ታወራ ነበር።

ካዘጋጀኋቸው አንዱንም አልጠየቋትም። አንዲት ፈታኝ፣ «ወደ ሽማግሌው ተመልሰሽ ብትሄጂ ይቀበሉሻል?» አለቻት።

ለምለም ዓይኗን ከስክሪኑ አነሳች። ሐጂ እኔን አዩኝ። መልስ ላቀብላት ወረቀቴን ገለጥኩ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ እዚያ አልነበረም።

«ሄጄ ነበር» አለች በእንግሊዝኛ። «ውሃ ሰጡኝ። የተረፉትን ፍየሎች ግን አላሳዩኝም።»

እዚህ ላይ ኔትወርኩ ጠፋ።

ግማሽ ሰዓት ሞከርን፤ አልተመለሰም። ሐጂ «ለምለም በመጨረሻ ምን አለች?» አሉኝ፤ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ሱቃቸውን ከፈቱ።

«እንዴት ነበር መምህር?» አለች ለምለም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ስትለኝ ስህተቶቿን እቆጥርላት ነበር። አሁንም ቆጥሬአቸዋለሁ። «አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነበር።

ቅዳሜ፣ ወደ ወልዲያ

መንገዱ ያው ነው፤ ሹፌሩ ሌላ። ስለ ምን እንደመጣሁ አልጠየቀኝም። ረድቻት ይሁን ለአንድ ዓመት አፏን ዘግቼባት፣ እስከ ላሊበላ ሳሰላስል ሄድኩ። ልለየው አልቻልኩም።

ወልዲያ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ለምለም በአዲስ ስልክ ደወለች። የተቋረጠውን መልሷን በጽሑፍ ጨርሳ ለፈታኞቹ ልካ ነበር። ተቀብለዋታል።

ደስታዬን ገልጬ ሳልጨርስ፣ «አሁን ሰዋስዉን ያርሙልኝ መምህር» አለች፤ «የምናገረውን አግኝቼዋለሁ።»

ያን ቀን የቆጠርኳቸው ስህተቶች አሥራ አራት ነበሩ። ከየትኛው እንደምጀምር ግራ ገባኝ።

«እስቲ በመጀመሪያ» አልኳት፣ «ስለ ሽማግሌው ንገሪኝ።»