ሁለት መቶ አስር ግራም

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሚዛን ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ በኋላ ግን አንድ ቀን ሳታስበው አቤት አለችና ስሙ በዚያው ጸደቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ቤት፣ የጥቅል መስኮት ላይ ተቀምጣ የሰው ዕቃ ስትመዝን ኖራለች። ጡረታ ስትወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሟት። ዓይኗ ግን ሊጣል ጥግ ይዞ የቆመው አሮጌ ሚዛን ላይ ነበር።

"ሰዓቱን መልሱና ሚዛኑን ስጡኝ" አለች።

አለቃዋ ሳቀና ሁለቱንም ሰጣት።

ሚዛኑ አሁን ያለው ፎቶ ቤቱ ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ በገዛ ስልኩ ራሱን ማንሳት ሲጀምር ፎቶ አንሺው ገበያው ቀዘቀዘበትና ክፍሉን ለወታደር ቤተሰቦች ለቀቀላቸው። ሙሽሮች ይቆሙበት የነበረው ሐይቅ፣ ከነሁለት ዳክዬው፣ እስከ ዛሬ ግድግዳው ላይ ተስሎ አለ። ከሐይቁ ፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሚዛኑ፣ ከሥሩ አንድ ጣቃ አቡጀዴና የጆንያ መርፌ። በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ከጦር ሰፈሩ የጭነት መኪና ይመጣል። ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት እናት፣ ሚስት፣ እህት ዕቃዋን ይዛ ትመጣለች። እትዬ ሚዛን መዝና፣ በአቡጀዴ ጠቅልላ ትሰፋለች፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ በዚያ በሚያምር እጅ ጽሑፉ ስሙንና የክፍሉን ቁጥር ይጽፍበታል።

ደንቡ አንድ ነው፤ አምስት ኪሎ።

"መኪናው የሚሄደው እስከ ድልድዩ ነው" ብሏት ነበር ሾፌሩ ገና በመጀመሪያው ቀን። "ከዚያ ወዲያ በሰው ጀርባ ነው። አምስት ካለፈ እዚሁ ጥዬው ነው የምሄደው፤ ኋላ እንዳታኮርፊኝ።"

መጀመሪያ ላይ የበዛባቸውን ሰዎች ራሳቸው እንዲቀንሱ ትጠይቅ ነበር። አንዷ እናት ብስኩቱን አውጥታ ሳሙናውን አስገባች፤ ሳሙናውን አውጥታ ብስኩቱን መለሰች፤ በመጨረሻ ሁለቱንም ታቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ከኋላዋ አስራ አምስት ሰው ተሰልፏል። ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ ሚዛን መጠየቅ ተወች። "አስቀምጪው፣ እኔ አስተካክለዋለሁ" ትልና፣ ባለቤቷ ስትሄድ የበዛውን አውጥታ ትሰፋዋለች። ሁልጊዜ የምታወጣው ሁለት ከሆነው ነገር አንዱን ነው። የወጣው ነገር የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይጠራቀምና በወሩ መጨረሻ አንድ ጥቅል ይወጣዋል። በዚያ ላይ ስም የለም። ፎቶ አንሺው "ምንም ላልመጣለት" ብሎ ይጽፍበታል፤ ለማን እንደሚሰጥ አዛዡ ያውቃል።

ይህን ነገር ከሜዳ አላመጣችውም። ታናሽ ወንድሟ በወጣትነቱ ወታደር ነበር። እሷ ያኔ ገና ፖስታ ቤት መግባቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ወንድም ጥቅል ትመዝናለች። ለሱ አልላከችም። "ምንም አልጎደለኝም" ብሎ ይጽፍላት ስለነበር እውነት መሰላት። ከተመለሰ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን እየሳቀ፣ "ጥቅል ሲታደል ውሃ ልቅዳ ብዬ ወንዝ እወርድ ነበር። የዚያን ዕለት በርሜሉ ሁሉ ጢም ብሎ ነበር የሚያድረው" አላት። እሷ አልሳቀችም። እሱም ሁለተኛ አላነሳውም።

ፀጉር ሠሪዋ ፖስታ በእጇ ጨምድዳ የመጣች ዕለት ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር። ወጣት ናት፤ ባሏ አናጺ ነበር፣ ከዘመተ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሳሎኗ በር ላይ ተቀምጣ ለሱ ካልሲ ትሠራለች፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ወፍራም፣ ተረከዙ ላይ ቀይ ቀለበት ያለው። ቀለበቱን የምታደርገው ከሌላው ካልሲ እንዳይቀላቀልበት ብላ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ አጥታ ከርማለች።

"እትዬ፣ ይሄን አንብቢልኝ፤ ወይ እኔ አብጃለሁ ወይ እሱ አብዷል።"

ከፖስታው ውስጥ አንድ ጥንድ ካልሲ ወጣ። ታጥቧል። ደብዳቤው አጭር ነው።

"ካልሲሽን መልሻለሁ። ለሁለት ሰው መሥራት እጅ ያደክማል። ቀይ ቀለበትሽን አንድ ልጅ እግር ላይ አየሁት። ከየት አመጣኸው ስለው፣ የምትወደኝ ልጅ ሠርታ ላከችልኝ አለኝ። ደህና ሁኚ።"

"እኔ ሁለት ጥንድ ነበር የላክሁት" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ልጁ ሰርቆት ነው እንዳልል፣ ሌባ ቢሆን ይደብቀው ነበር እንጂ አድርጎት ይንጎራደዳል? ምን ብዬ ልጻፍለት? አልወጣሁም አልገባሁም ብዬ ልማልለት?"

እትዬ ሚዛን ካልሲውን አገላበጠችው። ትዝ አላት። ሚዛኑ አምስት ኪሎ ከሁለት መቶ አስር ግራም ብሎ ነበር። አንዱን ጥንድ ብታወጣ ልክ አምስት ላይ ቆመ፣ ለዚያው የተቆረጠ ይመስል። እንዲያውም ለፎቶ አንሺው አሳይታው ነበር፤ "እይልኝማ፣ አንዲት ግራም እንኳ!" ብላ።

"ነገ ሳሎንሽ እመጣለሁ" አለቻት። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ሁሉም ጆሮውን ሰጥቷል።

ሰው ሲበተን ፎቶ አንሺው ብዕሩን አስቀመጠ።

"መንገድ ላይ ጠፍቶ ነው በያት።"

"እኔ ነኝ እኮ ያወጣሁት።"

"ማን አየሽ? እኔ አየሁሽ፤ እኔ ደግሞ አልናገርም። አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ነገር ከተሰማ ነገ አንድም ሰው ጥቅሉን አያምንሽም። አርባ ጥቅል ሳይላክ ነው የሚቀረው። ለአንድ ካልሲ ብለሽ!"

"ለአንድ ትዳር ነው።"

"ትዳሩንም ሌላ ነገር ብለን እናስታርቀዋለን።"

"እሺ በል ንገረኝ፣ ምን ብለን?"

ፎቶ አንሺው ጢሙን አሸት አሸት አደረገና ብዕሩን መልሶ አነሳ።

በማግስቱ ሳሎን ስትደርስ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ሆና የምታንቀላፋ፣ አንዷ ተራዋን የምትጠብቅ፣ አንዷ ደግሞ ፀጉር ሠሪዋ እጅ ላይ ያለች፤ ግማሽ ራሷ በቢጎዲን ተጠቅልሏል። እትዬ ሚዛን ብቻዋን ልታናግራት ነበር ሐሳቧ። ግን ውጭ ብትጠራት ሴቶቹ ሌላ ነገር ያስባሉ፣ ስለ ልጅቷ ክፉ ወሬ ይነሳል ብላ እዚያው ቆማ ተናገረች።

"ልጄ፣ ካልሲውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዝቶብሽ ነበር። ምንም ላልመጣለት ወታደር ሰጠሁት። ባልሽ ያየው ልጅ እንግዲህ እሱ የደረሰው ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ቢጎዲኑን ጠቅልላ ጨረሰች፣ በመርፌ ያዘችው፣ ሌላ አነሳች።

"ስንት ነበር የበዛው?"

"ሁለት መቶ አስር ግራም።"

"ሁለት መቶ አስር ግራም" አለች እንደማሰብ ብላ። "በሁለት መቶ አስር ግራም ልፈታ ነበር!"

"ጠይቄሽ ቢሆን…"

"ጠይቀሽኝ ቢሆን እሰጥሽ ነበር፣ እትዬ! እሱ ነው የሚያናድደኝ። እሰጥሽ ነበር እኮ!"

ካስክ ሥር ያለችው ሴትዮ እንቅልፏ ለካ የውሸት ነበር። ካስኩን ከራሷ አንስታ ብቅ አለች።

"ቆይ ቆይ፣ የኔንስ? ከኔ ልጅ ምን አወጣሽ?"

እትዬ ሚዛን አልዋሸችም። ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ዕቃ ሲመዘግብ በኖረው ጭንቅላቷ ውስጥ ሁሉም በየመልኩ ተቀምጧል። "ካቻምና አንድ ፎጣ። ባለፈው ወር ከሁለቱ ሳሙና አንዱን።"

"እሰይ! ሳሙናው ቶሎ አለቀብኝ ብሎ ቢጽፍልኝ፣ አንተ አባካኝ፣ እዚያም ሄደህ አልተሻለህም ብዬ አንድ ገጽ ሙሉ ሰድቤዋለሁ!"

ተራዋን የምትጠብቀው ሳቀች። ፀጉር ሠሪዋ አልሳቀችም። "አሁን የኔን ቃል አያምነኝም" አለች። "ስታስተባብል ነው የሚለው።"

"የኔን ያምናል" አለች እትዬ ሚዛን። "እኔ እጽፍለታለሁ።"

ደብዳቤ መጻፍ ግን አታውቅበትም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የመዘነችው ሌላ ሰው የጻፈውን ነው። ማታ ያበላሸቻቸውን አራት ወረቀቶች ጠዋት ለፎቶ አንሺው አሳየችው። አነበባቸውና ተነስቶ ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ አቧራ የጠጣውን ካሜራ አወጣ።

"ካልሲውን አምጪው። ሚዛኑ ላይ አድርጊው።"

ካልሲው ሚዛኑ ላይ ተቀመጠ፤ ቀዩ ቀለበት ወደ ፊት፣ ቀስቱ ሁለት መቶ አስር ላይ፣ ከኋላው ሐይቁና ዳክዬዎቹ። ፎቶ አንሺው ልክ እንደ ድሮው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ "አትነቃነቁ" አለ።

"ሙሽራ ስታነሳ ኖረህ ካልሲ ላይ ወረድክ" አለችው።

"ካልሲ ይሻላል። ዓይኑን አይጨፍንብኝም።"

ፎቶው ከተገኘ በኋላ ደብዳቤው አጠረ። "እኔ እዚህ ጥቅል የምመዝነው ሴትዮ ነኝ። ሚስትህ ሁለት ጥንድ ነበር የላከችልህ። በፎቶው እንደምታየው በዚህ ልክ በዝቶ ስለነበር አንዱን አውጥቼ፣ ሳልነግራት፣ ምንም ላልመጣለት ሰው ላክሁት። ጥፋቱ የኔ ነው። ልጁን ግን ምንም አትበለው። የምትወደኝ ልጅ ላከችልኝ ያለህ አፍሮ ነው። እኔ እንዲህ የሚያፍር ሰው አውቃለሁ።" ከሥሩ ስሟን ጻፈችና፣ ቆይታ ደግሞ "እትዬ ሚዛን" ብላ ጨመረች፤ በዚህኛው ያውቃት ይሆናል ብላ።

ፎቶ አንሺው የፈራው አልቀረም። በሚቀጥለው ወር፣ ከሦስቱ የመመዘኛ ቀናት በመጀመሪያው የመጣው ጥቅል ሦስት ብቻ ነው። እትዬ ሚዛን የጆንያ መርፌዋን እንደያዘች ከሐይቁ ፊት ቁጭ ብላ ዋለች። በሁለተኛው ቀን ያቺ ካስክ ሥር የነበረችው የሳሙናዋ እናት እያጉረመረመች መጣች። ዕቃዋን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችና ወገቧን ይዛ ቆመች።

"በይ መዝኚ። እያየሁ።"

ሦስት መቶ ግራም በዛ። እናትየው ረጅም ጊዜ አሰበች፤ ከኋላዋ የቆመ ሰው ስላልነበረ አሰበችበት። ከዚያ አንድ ሳሙናና አንድ ጣሳ ቅባት ራሷ አውጥታ የቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ወረወረች።

"ለዚያ ለማያፍረው ልጅ" አለች።

"ያፍራል እንጂ" አለች እትዬ ሚዛን።

"እንግዲያስ ለሚያፍረው።"

ሐሙስ መኪናው ሲመጣ ሃያ ስምንት ጥቅል ተሰፍቶ ነበር። አርባ አልሆነም። ሁሉም ግን ባለቤቱ ቆሞ እያየ የተመዘነ ነው፤ ሰልፉም ስለዚህ እስከ መንገዱ ማዶ ደርሶ ነበር። ሾፌሩ የአናጺውን መልስ ይዞ መጥቷል። ለሚስቱ አራት ገጽ ነው፤ እሱን ፀጉር ሠሪዋ ለማንም አላነበበችም፣ ከንፈሯን ነክሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ለእትዬ ሚዛን የመጣው ግን ከአንድ ወረቀት የተቀደደ ሩብ ነው።

"ልጁን ምንም አላልኩትም። ካልሲው ግን ጠቦታል፤ አውራ ጣቱ ወጥቶ አየሁት። የሱ እግር ከኔ በሁለት ጣት ይረዝማል። የኔንም ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል፣ እዚህ ብርድ ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ወረቀቱን ወስዳ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጣቶቿን ገትራ ለካች፤ አንድ፣ ሁለት።

በሚቀጥለው ወር ሁለት ጥቅል ይዛ መጣች። በባሏ ጥቅል ውስጥ ቀይ ቀለበት ያላቸው ሁለት ጥንድ ካልሲዎች ነበሩ፤ የተመለሰውና አዲስ። በሌላው ውስጥ ከሳሙናውና ከብስኩቱ ጋር ረዘም ያለ አንድ ጥንድ አለ፤ ተረከዙ ላይ ሰማያዊ ቀለበት። ፎቶ አንሺው "በዚህኛው ላይ ምን ልጻፍ?" ቢላት፣ የልጁን ስም አላወቀችውም።

"ምንም ላልመጣለት በለው" አለች። "አይ፣ ቆይ። እንዲያ አትበለው። አሁንማ መጥቶለታል።"

ፎቶ አንሺው ብዕሩን እንዳነሳ ቀረ። በመጨረሻ "እግሩ ረጅም ለሆነው" ብሎ ጻፈ።

እትዬ ሚዛን ጥቅሎቹን በየተራ አስቀመጠች። ፀጉር ሠሪዋ ጎንበስ ብላ፣ ዓይኗን ከቀስቱ ሳትነቅል፣ እስኪቆም ጠበቀች። አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። አራት ከስምንት መቶ ሃምሳ።

"ልክ ነው" አለች ፀጉር ሠሪዋ፤ ይህን ካለች በኋላ ነው እትዬ ሚዛን መርፌዋን ያነሳችው።