ቅቤ የጠጣች ክራር

ልጄ ወደ ሳውዲ የሄደ ዕለት፣ ሻንጣውን ከማሰሩ በፊት ክራሩን ከግድግዳ አወረደ። ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ አላላቸውና መልሶ ሰቀላት። ምነው ብዬ ጠየቅሁት።

«ተወጥራ ከከረመች እንጨቷ ይጎብጣል፣ እማ። አንቺ አቧራዋን ብቻ አራግፊልኝ።»

መንገዱ አጭር እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔ ዘፈን በሚወደድበት ቤት አላደግሁም። ክራሯ ቤቴ ስትገባም ቅር ብሎኝ ነበር። ልጄ ግን አንድ ልማድ ነበረው። ከመስጊድ አዛን ሲጀምር፣ ጨዋታው የትም ይድረስ፣ መዳፉን ክሮቹ ላይ ያሳርፋል። አዛኑ እስኪያልቅ እጁን አያነሳም። ያንን ካየሁ በኋላ ምንም አላልኩትም። ክሮቹ የሚጠብቁበትን ጨርቅ ከአሮጌ ሻሼ ቀዶ ላይኛው እንጨት ላይ ሲጠመጥም እንኳ ዝም አልኩ።

ከሄደ በኋላ በየጁምዓው አቧራዋን አራግፍላታለሁ። በአንዱ በጋ ቆዳዋ ደርቆ፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ የመሰለ ነገር ጀምሮት አየሁ። አሳዘነችኝ። እኛ ዘንድ ቆዳ ሲደርቅ ቅቤ ይቀባል፤ አገልግሉም ስልቻውም የኖረው እንደዚያ ነው። ለጋ ቅቤ በጣቴ አንስቼ ፊቷን አሸሁላትና ፀሐይ ላይ አዋልኋት። ጠጣችው። በማግስቱም ደገምኩላት። ልጄን ራሱን የተንከባከብኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አንድ ቀን ደውሎ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«አካም ጅርታ፣ እማ?»

«ነጋ፣ አልሐምዱሊላህ። በልተሃል?»

«በልቻለሁ። እማ፣ እስቲ ክራሯን አውርጃትና አንድ ጊዜ ምቻት። ድምጿ ከጆሮዬ ጠፋ። ቤቱም፣ ሰፈሩም፣ የአንቺም ሳል ሳይቀር ይመጣልኛል። እሷ ግን እምቢ አለችኝ።»

አወረድኳት። አንዱን ክር እንደነገሩ ጠበቅ አድርጌ መታሁት። እርጥብ ጆንያ በዱላ እንደመምታት ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኔትወርኩ ነው» አልኩት።

ስልኩ ሲዘጋ አስተግፊሩላህ አልኩ። ልጄ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም በእጄ አጥፍቼዋለሁ። በዚያ ላይ ዋሸሁት።

ሰፈራችን ውስጥ መንዙማ ላይ ድቤ የሚመቱ አዛውንት አሉ። ክራሯን በሻሌ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱ። ጣታቸውን አሸተቱ።

«አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ መሰለችሽ?»

«ደርቃ አሳዘነችኝ፣ አባባ።»

«ደርቃ ነዋ የምትናገረው! እኔ ድቤዬን እሳት ዳር የማስጠጋው ብርድ ይዞት መሰለሽ? የጠገበ ቆዳ አይናገርም። ይሄ አሁን ለወጥ ነው የሚሆነው።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሳቁ። የእኔ እንባ መጣ።

«አብሽሪ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በአዲስ ቆዳ ትለበጣለች። የፍየል ቆዳ አለሽ?»

ነበረኝ። ለዐረፋ ልጄ ገንዘብ ልኮ ያሳረደው ፍየል ቆዳ ተወጥሮ ደርቆ ተቀምጧል። የኡድሂያ፣ የዐረፋ እርድ ቆዳ አይሸጥም፤ ስለዚህ መስገጃ ላደርገው አስቤ ነበር። ለክራር ማዋሉ ከበደኝና ይሆናል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«አይሸጥም ነው የተባለው። ልጅሽ ደግሞ ነቢን ሲያወድስባት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ኒያሽን አሳምሪ።»

ቆዳውን ውሃ ውስጥ አሳደሩት። ጠጉሩን ፋቁ፣ ወጥረው ሰፉት፣ ጥላ ውስጥ አደረቁት። በአራተኛው ቀን በጥፍራቸው መታ አደረጉት፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«በይ ውሰጃት። ቅቤ በሩቁ እንኳ እንዳታሳያት።»

ልጄ ሲደውል አስቀድሜ ነገርኩት።

«ያን ጊዜ ኔትወርኩ አልነበረም። ቅቤ ቀብቻት ነው።»

ሳቁ መጣ፤ ከሄደ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ሹሩባስ አልሠራሽላትም?»

«ተወኝ እስቲ!»

አዲሱ ቆዳዋ ከየት እንደመጣ ስነግረው ግን ሳቁ ቆመ። «በይ እንቃኛት» አለኝ።

ስልኩን በርጩማ ላይ አቆምኩት። «የመጀመሪያውን አጥብቂ። ትንሽ። አለፈ፣ መልሺ። እዚያው ላይ ተይው።» የሻሼን ቁራጭ እኔ አዞርኩ፣ እሱ ከጅዳ አዳመጠ። ባቲ ቅኝት ነው የሚወድላት። ስድስቱን እስክንጨርስ ጣቴ ደነዘዘ።

«አሁን ከላይ እስከ ታች ምቻት።»

መታሁ።

«እሷ ናት» አለ። «ድምጿ ትንሽ ቀጥኗል። ግን እሷ ናት። ድገሚልኝ።»

ደገምኩለት። ሦስተኛ ልመታ ስል የዙሁር አዛን ተነሳ። ሳላስበው መዳፌን ክሮቹ ላይ አሳረፍኩ። ሲንቀጠቀጡ እጄ ሥር ተሰሙኝ፤ ቀስ ብለው ዝም አሉ።

«እጅሽን አሳረፍሽባት» አለ።

«እንዴት አወቅህ?»

«ይታወቃል።»

የእኛ አዛን ሳያልቅ የእነሱ በስልኩ ውስጥ ጀመረ። ሁለቱም እስኪያበቁ ሁለታችንም አልተናገርንም።

«ክሮቿስ?» አልኩት። «ይርገቡ ወይስ እንዲሁ ተወጥራ ትቆይህ?»

የጠየቅሁት መምጫውን እንደሆነ ገብቶታል።

«ይርገቡ፣ እማ» አለኝ። «እንጨቷ እንዳይጎብጥ።»

ሰግጄ ስነሳ ስድስቱን ክሮች አንድ በአንድ አላልቼ ሰቀልኳት። አልሐምዱሊላህ፣ ድምጿን ሰምቷል።